ቁስሉ ላይ ያልደረሰው መድኃኒት፦ ከድሬዳዋ የተመዘገበ የአንዲት ታካሚ ጉዳይ

መነሻ

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው። "ለሕክምናው ምላሽ አልሰጠችም" ትላለች። በታካሚዋ ወረቀቶች ላይ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በሁለት የተለያዩ እጆች ተጽፋለች። በ2016 ዓ.ም. ታካሚዋ በድሬዳዋ እኔ በነርስነት ወደምሠራበት ክሊኒክ መጣች። ያኔ ያገኘነው ግን ሌላ ነው፦ መድኃኒቱ በትልቁ አንጀቷ ካለው ቁስል ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

ታሪኳ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ራሷ ፈቅዳልኛለች። ስሟንና ሰፈሯን አላነሣም፤ ማንነቷን ሊጠቁሙ የሚችሉ ጥቂት ዝርዝሮችንም ቀይሬአለሁ።

ታካሚዋና የሕመሟ ታሪክ

የ34 ዓመት ሴት ናት፤ የሦስት ልጆች እናት፣ የልብስ ነጋዴ። ሕመሙ የጀመራት በ2014 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ንፍጥ፣ ቀጥሎ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ማስማጥ። ሱቋን ለጎረቤት እየሰጠች በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትሮጣለች፤ ብዙውን ጊዜ ከምጡ በቀር የሚወጣ ነገር የለም።

የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራ "አሜባ" አለ፤ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘላት። ለሁለት ሳምንት ያህል የተሻላት መሰለ፤ ተመለሰባት። በእሷ ቆጠራ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ሰባት ጊዜ ይህንኑ ኪኒን ውጣለች። "አፌ ሁልጊዜ ሳንቲም ሳንቲም ይለኝ ነበር" ብላኛለች። ያስቀመጠቻቸውን የላብራቶሪ ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናያቸው አብዛኞቹ የሚሉት "ሲስት ታይቷል" ነው። ሲስት ማለት ጥገኛው በሽፋኑ ውስጥ ተኝቶ የሚታይበት መልኩ ሲሆን ምንም ሕመም በሌለበት ሰው ሰገራ ውስጥም ይገኛል፤ በሽታ የማያመጣ፣ በማይክሮስኮፕ ግን ከአሜባ የማይለይ ዘመድም አለው። አንጀትን እያቆሰለ ያለ አሜባ የሚታወቀው ሲንቀሳቀስና በውስጡ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ሲገኝ ነው። ይህ በአንዱም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ለወገብ ሕመሟ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት በራሷ ፈቃድ ዳይክሎፌናክ ትወስድ ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም የሚነገር ነገር አልመሰላትም። ይህ የመድኃኒት ዓይነት የአንጀት ቁስለትን ሊያባብስ እንደሚችል የሰማችው ከእኛ ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቱቦ ከውስጥ ለማየት፣ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። አውቶቡስ ላይ እንዳታፍር ብላ ከመሳፈሯ በፊት አንድ ሙሉ ቀን እህል አልቀመሰችም። ምርመራው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ መሆኑን አሳየ። ይህ የትልቁ አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚቆስልበት ሥር የሰደደ በሽታ ሲሆን ከፊንጢጣ ይጀምርና ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይወጣል። በእሷ ላይ ከፊንጢጣ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው አንጀት ጤነኛ ነበር። ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገሮች ተሞከሩ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በኪኒን ሲሰጣት ደሙ ቆመ፤ ነገር ግን ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፍ አጣች፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳሯ 168 ደረሰ። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ እጅግ ፈራች፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ እንደቆመም ደሙ ተመለሰ። ሰልፋሳላዚን ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ መጠን ተሰጣት፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ሲያጣድፋት በሳምንቱ አቋረጠችው። በሦስተኛ ደረጃ አንድ ዘመዷ ከውጭ የሜሳላዚን ኢኒማ ላከላት፤ በፊንጢጣ የሚገባ፣ በጠርሙስ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። እሱንም "ሞክሬዋለሁ፣ አልሠራም" አለች። በካርዱ ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ የተጻፈችው ያኔ ነው።

እኛ ጋር ስትመጣ

የካቲት 2016 ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ደም ያለው ሰገራ፣ የልብ ምት 84፣ ሙቀት 36.9፣ ሄሞግሎቢን 10.9። ሐኪሙ እነዚህን ቁጥሮች ያየው ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች በ1955 እ.ኤ.አ. ባወጡትና እስካሁን በሚሠራበት መለኪያ ነው። በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ደም ያለው ሰገራ፣ ከዚያም ጋር ከ90 በላይ የልብ ምት፣ ከ37.8 በላይ ሙቀት ወይም ከ10.5 በታች ሄሞግሎቢን ቢኖር በሽታው ከባድ ነውና ሆስፒታል መተኛት ግድ ይሆናል። እሷ ከዚያ በታች ነበረች። ቤቷ ሆና ልትታከም ትችላለች ማለት ነው።

እኔ የጠየቅኋት ስለ ኢኒማው ነበር። እንዴት እንዳስገባችው፣ የት ሆና፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘችው። አንገቷን ደፍታ ቆየችና "ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሽንት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። እንደገባ ወጣ" አለችኝ። ሰባት ጠርሙስ እንዲህ አለቀ። አንዱም አምስት ደቂቃ አልቆየም። ያዘዘው ሰው አላሳያትም፤ የላከላት ዘመድም ወንድ ስለሆነ ልትጠይቀው አልደፈረችም። በወረቀት ላይ "አልሠራም" የተባለው መድኃኒት ሥራ የጀመረበት ጊዜ አልነበረም።

የቱቦው ሐሳብ

አብሮን የሚሠራ ወጣት ሐኪም በቻይና ናንጂንግ ስለተጀመረ አንድ ዘዴ አንብቦ ነበርና "ለምን ይህ አይደረግላትም?" አለ። የዚህ ዘዴ የመጀመሪያ ውጤቶች በ2016 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። በኮሎኖስኮፕ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ወደ ትልቁ አንጀት መነሻ ድረስ ይገባል፤ በትናንሽ መቆንጠጫዎች ከአንጀቱ ግድግዳ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ መሣሪያው ሲወጣ ቱቦው ይቀራል። የውጭው ጫፍ መቀመጫ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ፣ መድኃኒቱ ወይም የተጣራ የጤነኛ ሰው ሰገራ በየቀኑ በዚያ በኩል ይገባል። ታካሚው በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ መደገም አያስፈልገውም፤ የገባውም መድኃኒት ሩቅ ስለሆነ ቶሎ አይወጣም።

ውይይቱ ጥሩ ነበርና በዝርዝር ላቆየው። የሚያክማት ሐኪም ወረቀት ላይ ትልቁን አንጀት ሣለ። አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰፖዚቶሪ፣ ማለትም ሻማ የሚመስለው መድኃኒት፣ ፊንጢጣን ብቻ ያዳርሳል። ኢኒማ በትክክል ከተሰጠና ከተያዘ ግን በግራ ጎድን ሥር አንጀቱ ወደ ታች እስከሚታጠፍበት ድረስ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ላለው ኢኒማ አይደርስም፤ ቱቦው የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የእሷ ቁስል 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፤ በኢኒማ ክልል ውስጥ ነው። ቱቦው በእጃችን የለም፤ ቢኖርም ኖሮ የመጀመሪያው ምርጫ አይሆንም ነበር። ሐኪሙ ከዘዴው የወሰደው ሁለት ነገር ነው፦ መድኃኒቱ የታመመው ቦታ ድረስ መሄድ አለበት፤ ከሄደ በኋላም እዚያው መቆየት አለበት። ይህን ደግሞ በእጃችን ባለው ነገር ልናደርገው እንችላለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ያው ትሩላቭ በ1956 እ.ኤ.አ. ሃይድሮኮርቲዞን የተባለውን ስቴሮይድ በፊንጢጣ በኩል በመስጠት ይህንኑ በሽታ ማከሙን ጽፏል። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ባለ 100 ሚሊ ግራም የሃይድሮኮርቲዞን ብልቃጥ፣ አንድ ኖርማል ሳላይን፣ የግሉኮስ መስቀያ መስመርና ለስላሳ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) በቂያችን ነበር።

ከመጀመራችን በፊት

ስቴሮይድ አሜባ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ ባለበት አንጀት ላይ ቢሰጥ ጉዳቱ ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰባቱን የሜትሮኒዳዞል ማዘዣዎች አላመንናቸውም፤ ደግሞም አሜባ የለባትም ብለን በግምት አላለፍንም። ሰገራዋ በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመረመረ። ቀድሞ ከቤቷ በብልቃጥ ይዛ በባጃጅ ትመጣ ነበር፤ በድሬዳዋ ሙቀት ያ ናሙና ከላብራቶሪው ሲደርስ የሚንቀሳቀሰው አሜባ ሞቶ ቅርጹ ይጠፋል። አሁን ክሊኒካችን ውስጥ ሰጥታ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲታይ አደረግን። ሦስቱም ነጻ ሆኑ። ስትሮንጊሎይድስ የተባለው ትል ከስቴሮይድ ጋር ሲገናኝ በሰውነት ሁሉ ሊሠራጭ ስለሚችል እሱም በተለይ ተፈለገ። የደረት ራጅና የኤች አይ ቪ ምርመራም ተደረገ። ዳይክሎፌናክ ቆመ።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች

የመጀመሪያውን ሌሊት እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ብልቃጡን በ100 ሚሊ ሊትር አሟሟሁት፤ ሳላይኑ በአየር ማቀዝቀዣ ከሚቀዘቅዝ ክፍል የመጣ ነበር፤ በትልቅ ሲሪንጅ ገፋሁት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥታ ሮጠች። የቆሰለ ፊንጢጣ ብርድን፣ ብዛትንና ግፊትን አይችልም፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ነበር የሰጠሁት።

በሁለተኛው ሌሊት መጠኑን ወደ 60 ሚሊ ሊትር ቀነስኩ፤ ጠርሙሱንም በመዳፌ ይዤ አሞቅሁት። ሲሪንጁን ትቼ በግሉኮስ መስመር በጠብታ አደረግሁት። በሰከንድ አንድ ጠብታ፤ የእኛ መስመር ሃያ ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። በግራ ጎኗ ተኛች። አርባ ደቂቃ ያዘች፤ ደስ አለን። ከዚያ ወደ ቤቷ ለመሄድ ባጃጅ ተሳፈረች። ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ መንገጫገጭ ሲጀምር ነገሩ አበቃ። በማግሥቱ እያለቀሰች ነገረችኝ። ማታ ተሰጥቶ እስከ ንጋት መቆየት ያለበትን ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ ሰጥቶ ሰውን በባጃጅ መሸኘት እንደማይሆን አስቀድመን ማሰብ ነበረብን።

ከሦስተኛው ሌሊት ጀምሮ እኔ ወደ ቤቷ ሄድኩ። የአልጋውን የግርጌ እግሮች በሁለት ብሎኬት ከፍ አደረግን። ጠርሙሱ የሚሰቀልበት ምስማር ግድግዳው ላይ ተመታ፤ ከፍራሹ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። ካቴተሩን በጄል አለስልሼ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስገባሁ፤ እንቢ ሲል መግፋት ፈጽሞ አይቻልም፤ የቆሰለ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ያን ሌሊት ሦስት ሰዓት ያዘች።

አንድ ነገር ግን ዘግይቼ ነው ያስተዋልኩት። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን መስመሩ ሙሉ ነበር። በሲሪንጅ ስለካው 15 ሚሊ ሊትር ያህል ወጣ፤ የመድኃኒቱ ሩብ! ለሦስት ሌሊት ከምሰጣት አራት እጅ አንዱን እየጣልኩ ነበር። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ሲያልቅ 15 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ሳላይን በኋላው እየጨመርኩ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን አሳልፈዋለሁ። ይህን በየትኛውም መመሪያ ላይ አላነበብኩትም፤ መስመሩን ወደ ቆሻሻ ስጥል እጄ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያየሁት።

ያልተሳካልን ሌላው ሙከራ ካቴተሩን ሌሊቱን ሙሉ እዚያው መተው ነበር። የናንጂንጉ ቱቦ ከአንጀት ጋር ተያይዞ ለቀናት ከቆየ የእኛስ አንድ ሌሊት ለምን አያድርም ብለን ነው። ግን የእኛ ካቴተር ባለ 14 ቁጥር ነው፤ ውፍረቱ 4.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሚቀመጠውም በጣም በቆሰለው ቦታ ላይ ነው። ስታድር ምጡ ጨመረባት፣ ጠዋት ተንሸራቶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ትኩስ ደም ነበር። በማግሥቱ ተውነው። ፈሳሹ እንደገባ ካቴተሩ በዝግታ ይወጣል፤ እሷም በግራ ጎኗ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያም በሆዷ ትተኛለች።

ሃይማኖት፣ ሐፍረትና የቤት ሰው

በሕክምናው አጋማሽ ረመዳን ገባ። ሐኪሙ ደም እየፈሰሳትና ውኃ እያጣች መጾም እንደሌለባት ነገራት፤ እሷ ግን ከሼኻቸው ሳትሰማ ልቧ አላረፈም። ሼኹ የታመመ ሰው ሲድን ቀዳ ማውጣት፣ ማለትም ያልጾመውን ቀን በኋላ መጾም፣ እንደሚችል፣ በሌሊት የሚሰጥ መድኃኒትም ችግር እንደሌለው ነገሯት። ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዲያውም ተመቻቸ። ከኢሻ (ከማታው ሶላት) በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል እንጀምራለን፤ የቤቱ ሰው ለሱሁር (ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው ምግብ) ሲነሣ እሷም ትነሣለች። እስከዚያ ድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይዛው ታድራለች።

ከስምንተኛው ሌሊት ጀምሮ የምትሰጣት የእህቷ ልጅ ሆነች፤ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ለሦስት ሌሊት እኔ ሳደርግ አየች፣ ለሁለት ሌሊት እሷ ስታደርግ እኔ አየሁ። ጎበዝ ናት። ሆኖም መድኃኒቱ እንዳይባክን ብላ አንድ ቀን ግማሹን ሰጥታ የተሟሟውን ግማሽ ለነገ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ክፍሉ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ነው። ልጅቷን አልወቀስኳትም፤ የብልቃጡ ዋጋ ቤተሰቡን እንደሚከብድ አውቃለሁ። "የተሟሟ አያድርም" የሚል ወረቀት ምስማሩ ሥር ለጠፍን።

እምቢ ያልነው

በጅቡቲ የሚኖር የባሏ ወንድም የጤነኛ ሰው ሰገራ በፊንጢጣ ቢሰጣት እንደሚያድናት ከኢንተርኔት አይቶ ደወለ። ካቴተሩም መስመሩም ቤት ውስጥ ስላለ ቤተሰቡ "እኛው እናድርገው" የሚል ሐሳብ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ሁላችንም ደነገጥን።

ሐኪሙ ባሏን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ወስዶ አስረዳው። ነገሩ ተረት አይደለም። አይዝማን የተባለ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. በአንቲባዮቲክ ሳቢያ ከባድ የአንጀት ሕመም ለያዛቸው አራት ሰዎች በኢኒማ ሰጥቶ እንደዳኑ ጽፏል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት በፊንጢጣ የሚሰጥ ዝግጅት ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የተባለው ተሕዋስ ደጋግሞ ለሚያጠቃቸው ነው፣ ለእሷ በሽታ አይደለም። ይኸው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ መድኃኒት የተለማመደ ባክቴሪያ በተገኘበት ሰገራ ምክንያት ሰው መሞቱን ይፋ አድርጓል። ለጋሹ የሚያልፍባቸው ምርመራዎች ብዙ ናቸው፤ የቤት ውስጥ ሙከራ አንዱንም አያሟላም። ባሏ አዳምጦ ስልኩን አወጣና እዚያው ፊታችን ለወንድሙ ደወለ።

ውጤቱ

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደሙ አልታየም። በሃያ አንደኛው በቀን ሁለት ጊዜ ቅርጽ የያዘ ሰገራ ነበራት፤ ማስማጡ ቆሟል። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሯ ከመጀመሩ በፊት 104፣ በሦስተኛው ሳምንት 109 ነበር። ስቴሮይዱ በፊንጢጣም ሲሰጥ ከፊሉ ወደ ደም ይገባል፤ ሆኖም ከኪኒኑ ጊዜ ጋር አይወዳደርም፤ ፊቷም አላበጠም። ከዚያ ኢኒማው በአንድ ቀን እያለፈ ለሁለት ሳምንት ተሰጥቶ ቆመ።

ስቴሮይድ ሕመሙን ያበርዳል እንጂ እንዳይመለስ አይጠብቅም። ለጥበቃው ወደ ሰልፋሳላዚን ተመለስን፤ በአንድ ፍሬ ጀምረን በየአራት ቀኑ አንድ እየጨመርን። ከምግብ በኋላ፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር። በቀን ስድስት ፍሬ፣ ማለትም 3 ግራም፣ ያለ ማስመለስ ደረሰች። ይህ መድኃኒት ራሱ በረቀቀ መንገድ ወደ ትልቁ አንጀት የሚላክ ነው፤ ተያይዞ የተሠራው ሞለኪውል የሚፈታው እዚያ ባሉት ባክቴሪያዎች ስለሆነ በውስጡ ያለው ሜሳላዚን የሚለቀቀው እዚያው ነው። ሽንቷ ብርቱካናማ ሲሆን እንዳትደነግጥ አስቀድመን ነግረናታል።

በአራተኛው ወር ተመለሰባት። ሰልፋሳላዚን ከከተማው መድኃኒት ቤቶች ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ሳትወስድ ቆይታ ነበር፤ ለእኛ አልደወለችም፣ እኛም አልጠየቅንም። የእህቷ ልጅ ምስማሩ ላይ ጠርሙሱን እንደገና ሰቀለች፤ በአሥር ሌሊት ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ በቤቷ አለ።

ለሥራ ባልደረቦቼ

"ምላሽ አልሰጠችም" ከመጻፍ በፊት ታካሚው መድኃኒቱን እንዴት እንደወሰደ በቃሉ እንዲነግረን፣ ካስፈለገም በእጁ እንዲያሳየን መጠየቅ አለብን። በፊንጢጣ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ ሰው አፍሮ የማይናገረው ብዙ ነገር አለና። ሴት ታካሚን ሴት፣ ወንድን ወንድ ቢጠይቅ መልሱ ይለያል።

የቁስሉ ርዝመት በሳንቲ ሜትር ካልተጻፈ የኮሎኖስኮፒ ወረቀት ጎዶሎ ነው። በሰፖዚቶሪ፣ በኢኒማ፣ በኪኒን ወይም ከፍ ባለ ማዕከል በሚተከል ቱቦ መካከል የሚመርጠው ያ ቁጥር ነው። የእሷ ባይጻፍ ኖሮ እኛም በጨለማ እንሄድ ነበር።

ይህ አሠራር ለሁሉም አይሆንም። ትኩሳት፣ የተነፋና ሲነኩት የሚያም ሆድ፣ የፈጠነ የልብ ምት ወይም ብዙ ደም ያለበት ሰው ካቴተር ሳይገባለት ወደ ሆስፒታል ይላካል። እነዚህን አራት ምልክቶች በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈን ለእህቷ ልጅ ሰጥተናታል።

ታካሚዋ አሁን በየሦስት ወሩ ትመጣለች፤ ሄሞግሎቢኗ 12.3 ደርሷል። ይህ በሽታ በጀመረ በስምንተኛው ዓመት የካንሰር ቅድመ ምርመራ ኮሎኖስኮፒ መደረግ ይኖርበታል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ተሰርዛ በካርዷ ፊት ላይ በቀይ እስክሪብቶ "2022 ዓ.ም.፣ ኮሎኖስኮፒ" ተብሎ ተጽፏል።